ዳፕ ማዳበሪያ ያበላኋቸው ግራቪሊያዎች እየሞቱብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

የጓሮ ችግኝ | ነሐሴ 9፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ባሕር ዳር ነኝ፣ ከቤዛዊት በታች። ጓሮ ውስጥ በባሕር ዛፍ አጣናና በፕላስቲክ የሠራኋት አራት በስድስት ሜትር የሆነች ግሪንሃውስ አለችኝ። የቃሪያና የቲማቲም ችግኝ እሸጣለሁ። አበባ ግን ለራሴ ነው።

ካቻምና አውስትራሊያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ስትመጣ ዘር ይዛልኝ መጣች። ፓኬቱ ላይ ግራቪሊያ ባንክሲ ይላል። ሥዕሉ ላይ ቁጥቋጦ ነው፤ ቀይ ክር ተጠቅልሎ የቆመ የመሰለ አበባ አለው። 11 በቀሉልኝ። ጎረቤት ሁሉ እየጠራሁ ነው ያሳየሁት።

የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ተከልኳቸው። አፈሩን ግማሽ ዋልካ፣ ግማሽ የእምቦጭ ኮምፖስት አደረግኩ፣ የበግ ፍግም ጨመርኩበት። ሐምሌ ላይ ቀጭጨው ሳያቸው አዘንኩና በየጀሪካኑ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዳፕ ሰጠኋቸው።

አሁን 7ቱ ሞተዋል። የቀሩት 4 አሮጌ ቅጠላቸው ከጫፉ እሳት እንደነካው ወረቀት ቡናማ ሆኗል። አዲሱ ቅጠል ደግሞ ቢጫ ነው፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ። ውሃ አንሷቸው ይሆናል ብዬ ጨመርኩ፤ ባሰባቸው። ሌላ ዳፕ ልጨምር ይሆን?

---

አባይ ማዶ | ነሐሴ 9፣ ከምሽቱ 3:05

እህቴ፣ ግራቪሊያ እኮ ዛፍ ነው። ትምህርት ቤት ግቢ የሚተከለው፣ ለጣውላ የሚሆነው። ቁጥቋጦ ግራቪሊያ ሰምቼ አላውቅም። ዘሩን የሸጠላት ሰው ሸውዷት ይሆናል።

---

ዘንዘልማ ተማሪ | ነሐሴ 9፣ ከምሽቱ 3:50

ኧረ ዳፑን እንዳትጨምሪ! መጀመሪያ እሱን ልበል። የቀረሽን ዳፕ ለበቆሎ ስጪው።

አባይ ማዶ፣ አልተሸወደችም። ግራቪሊያ የአንድ ዛፍ ስም አይደለም፣ የወገን ስም ነው። ከ350 በላይ ዝርያ አለው። ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም የአውስትራሊያ ተወላጅ ናቸው፣ አብዛኞቹም ቁጥቋጦ። እኛ ጋ የመጣው ግን ከሁሉም ረጅሙ ነው፣ ሮቡስታ የሚባለው። የምሥራቅ አውስትራሊያ ዛፍ ነው። ስለዚህ እኛ ከአንድ ትልቅ ቤተሰብ ቁመታሙን አጎት ብቻ አይተን ቤተሰቡ በሙሉ ቁመታም ነው ብለን ደመደምን።

ስሙ የወጣው በ1809 ነው። ቻርልስ ግሬቪል ለሚባል አትክልት ወዳድ እንግሊዛዊ መታሰቢያ። በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ የአውስትራሊያ ቁጥቋጦ በመስታወት ቤት ማሳደግ የባለጸጋ ጨዋታ ነበር። የኛን ትልቁን ዛፍ ሳይቀር ገና ችግኝ ሳለ በቅጠሉ ብቻ ለቤት ጌጥ በማሰሮ ያሳድጉት ነበር። ቅጠሉ ፈርን የሚባለውን የጥላ ተክል ይመስላል አይደል? ለዚያ ነው።

ወደ ሞቱት ልመለስ። የገደላቸው ፎስፈረስ ነው። ዳፕ ከ100 ኪሎው 46 ኪሎው ፎስፌት ነው። በየማኅበሩ ሲታደል የነበረው ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያም 38 አለው። ለጤፍ በረከት ነው፣ ለግራቪሊያ መርዝ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የአውስትራሊያ አፈር እጅግ ያረጀና የታጠበ ነው፣ ፎስፈረስ የለውም ማለት ይቻላል። እነዚህ ተክሎች በዚያ ረሃብ ላይ ነው የኖሩት። ሥራቸው ላይ እንደ ጠርሙስ መጥረጊያ ጥቅጥቅ ያለ ቀጭን ሥር ያበቅላሉ። ከዚያ አሲድ ነገር ይለቅቁና ከብረትና ከአልሙኒየም ጋር ተጣብቆ የቀረውን ፎስፈረስ እየፈቱ ይመጥጡታል። ችግሩ፣ መምጠጥ እንጂ በቃኝ ማለትን አያውቁበትም። በማንኪያ ስትሰጪያቸው ሁሉንም ወሰዱት። ቅጠሉ ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ አቃጠላቸው። ብረት እንዳያገኙም ከለከላቸው፤ የአዲሱ ቅጠል ቢጫነት እሱ ነው።

---

የጓሮ ችግኝ | ነሐሴ 9፣ ከምሽቱ 4:10

በእጄ ነው የገደልኳቸው በለኛ 😭 እንቅልፍም አይወስደኝም ዛሬ።

---

ባለ ሮዝ | ነሐሴ 10፣ ጠዋት 1:20

አይዞሽ እህቴ። አምስት ዓመት የሮዝ ግሪንሃውስ ውስጥ ሠርቻለሁ። አንቺ ያደረግሽው ለሮዝ ቢሆን ትክክል ነበር። ሮዝ በጠብታ መስመር ቀን በቀን እየተመገበ ነው የሚኖረው። አንድ ቀን ቢዘለል ያስታውቅበታል። ሆዳም ነው። ችግሩ የአበባ ሁሉ ሆድ አንድ ይመስለናል።

---

እማማ የቡና ጓሮ | ነሐሴ 10፣ ጠዋት 3:00

ልጆቼ እንዴት አደራችሁ። እኔ የማውቀው አመድ ነው። የምድጃ አመድ ነስንሺበት ልጄ። ጌሾዬ ቢጫ ሲሆንብኝ እሱን ነው የማደርግ፣ ቀጥ ይላል።

---

ዘንዘልማ ተማሪ | ነሐሴ 10፣ ጠዋት 3:25

እማማ እንደምን አደሩ። ለጌሾው ልክ ነዎት። አመድ ግን ውስጡ ፎስፈረስ አለበት፣ የአፈሩንም ኮምጣጣነት ይገድላል። ይህቺ ተክል ደግሞ ኮምጣጣ አፈር ነው የምትወደው። ለእሷ ይቅርባት፣ ለጌሾው ይቀጥሉ።

---

እማማ የቡና ጓሮ | ነሐሴ 10፣ ጠዋት 3:31

እንዲህ ያለ አመለኛ ተክል ምን ያደርግልሻል ልጄ። ጌሾ ትከዪ።

---

ከብሪዝበን | ነሐሴ 10፣ ጠዋት 4:15

ሰላም የሀገሬ ልጆች። ዕድገቴ ባሕር ዳር ነው። አሁን ብሪዝበን የሰው ግቢ አትክልት እየተንከባከብኩ ነው የምኖረው። ግራቪሊያ ደግሞ የዕለት እንጀራዬ ነው፣ ሁሉም ግቢ አለ። ይህን ርዕስ ሳይ ሳቅም እንባም መጣብኝ።

እኔም እዚህ እንደመጣሁ የመጀመሪያ አሠሪዬን ቁጥቋጦ ልክ አንቺ ባደረግሽው ነው የጨረስኩት። ከገጠር የመጣ ሰው ማዳበሪያን ደግነት አድርጎ ነው የሚያየው። አሠሪዬ ሴትዮ ምንም አልተናገረችኝም። ሱቅ ወስዳ ለሀገር በቀል ተክል ተብሎ ለብቻ የሚሸጠውን ማዳበሪያ አሳየችኝ። ፎስፈረሱ ከቁጥር የማይገባ ነው።

እንዲህ ነው ለራሴ ያስረዳሁት። 55 ቀን ጾመን ፋሲካ ሌሊት በቀጥታ ዶሮው ላይ አንወድቅም። እናቶቻችን ተልባ ያስቀድማሉ፣ ሆድ እንዳይደነግጥ። ግራቪሊያ ዕድሜ ልኳን ሁዳዴ ላይ ነች። አንቺ በማንኪያ ዶሮ ወጥ አጎረስሻት።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ። አራቱን ከጀሪካኑ አውጪያቸው። ሥሩን ሳትጎትቺ፣ የኮምፖስቱን አፈር በቀስታ አራግፊ። የቀረውን በንጹሕ ውሃ እጠቢ፣ ውሃው ወርዶ ይሂድ። ከዚያ ቀይ አፈር፣ ሻካራ አሸዋና ጥቂት ቀይ አሽ (የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ቀላቅለሽ ትከዪ። ፍግ የለም። ኮምፖስት የለም። ከላይ ደረቅ ቅጠል አልብሺ። የተቃጠለው ቅጠል አይድንም፣ እሱን አትጠብቂ። የሚመጣውን አዲስ ቅጠል ነው የምታይው።

ጓንት አድርጊ። የባንክሲ ወገን ቆዳ የሚያሳክክበት ሰው አለ። እኔ ክንዴ ሁለት ሳምንት አብጦብኛል።

---

የጓሮ ችግኝ | ነሐሴ 10፣ ከቀኑ 7:50

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥህ። ቀይ አፈር ግን የትኛውን ልውሰድ? ከወንድሜ ጋር ከከተማ ወጣ ብለን ከማሳ ጠርዝ ማምጣት እንችላለን።

---

ዘንዘልማ ተማሪ | ነሐሴ 10፣ ከቀኑ 8:30

ልክ እሱን። ይህ ነገር ያስቀኛል። ገበሬዎቻችን ቀዩ አፈር ኮመጠጠ፣ ዳፑን በላው፣ ኖራ ስጡን ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ቀይ አፈር ብረትና አልሙኒየም ስላለው ፎስፈረሱን ይዞ አይለቅም። ለስንዴ በሽታ የሆነው ነገር ለአንቺ ቁጥቋጦ ቤቷ ነው። ትልቁ ግራቪሊያ ማንም ሳይመግበው በየመንገዱ ዳር የሚያድገው በከንቱ አይደለም። ኖራ ያልተደረገበት፣ በቅርብ ማዳበሪያ ያልገባበት ቦታ ፈልጊ። ዋልካውን ተዪው፤ ክረምት ላይ ውሃ ይዞ ሥሩን ያፍነዋል።

ስለ እምቦጭ ኮምፖስት ደግሞ፣ አትክልት ላይ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን እምቦጭ ሐይቁ ውስጥ የሚፋፋው ከማሳ ታጥቦ የሚገባውን ማዳበሪያ እየመጠጠ ነው። ስለዚህ ኮምፖስቱ ያንኑ ይዞ ነው የሚመጣው። ሳታውቂው የፎገራ ማሳን ዳፕ ጭምር ነው ያበላሻቸው ማለት ነው።

---

ቀልደኛው | ነሐሴ 10፣ ከቀኑ 9:00

የዛገ ሚስማር ቅበሪ፣ ብረት ነው የጎደላት ተብሏል 😂

---

ዘንዘልማ ተማሪ | ነሐሴ 10፣ ከቀኑ 9:12

ሚስማሩ እስኪሟሟ እሷ ትሟሟለች። በቅጠል ላይ የሚረጭ የብረት ማዳበሪያ የእርሻ ግብዓት ሱቅ ጠይቂ። ካጣሽ ይቅር። ዋናው አፈሩን መቀየር ነው።

---

ባለ ሮዝ | ነሐሴ 10፣ ከምሽቱ 1:10

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ግሪንሃውሱ። ፎቶ ልቀቂ እስኪ። አራቱም ጎን በፕላስቲክ ተዘግቷል?

---

የጓሮ ችግኝ | ነሐሴ 10፣ ከምሽቱ 1:25

አዎ፣ በር ብቻ ነው ያለው። ጠዋት ስገባ ከላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ እንደ እንፋሎት ቤት ነው።

---

ባለ ሮዝ | ነሐሴ 10፣ ከምሽቱ 1:55

ገምቼ ነበር። ግሪንሃውስ ስንል ሁላችንም የተዘጋ ቤት ነው የሚመስለን። ፈረንጅ የሚዘጋው ውርጭ ስላለበት ነው። ባሕር ዳር ውርጭ የታለ? 1,800 ሜትር ላይ ነን፣ ከሐይቅ ዳር። እኛ የምንሸሸው ክረምቱን ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደውን ታውቂዋለሽ። ስለዚህ አንቺ የሚያስፈልግሽ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ አይደለም። ጎኑን ከወገብ በላይ ጠቅልለሽ እሰሪው፣ ነፋስ ይግባ። የሐይቁ ነፋስ ከሰዓት ሲመጣ ያደርቅልሻል። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሳትከፍቺው ከቀረሽ ቲማቲሙንም ትቀቅይዋለሽ።

---

ከብሪዝበን | ነሐሴ 11፣ ጠዋት 2:00

ባለ ሮዝ ያልከው ወርቅ ነው። ግራቪሊያ ከፎስፈረስ ቀጥሎ የሚገድላት እግሯ ውሃ ውስጥ ሲቆም ነው። ሥር የሚያበሰብስ በሽታ አለ፤ ድንች ከሚያጠፋው ጋር የአንድ ወገን ልጅ ነው። እርጥብና የታፈነ አፈር ይወዳል። ቅጠሏ ጠውልጎ ስታዪ ውሃ አታጠጪ። መጀመሪያ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ።

አንድ ምስጢር ልስጥሽ። እዚህ አመለኛ የሆኑትን ግራቪሊያዎች በራሳቸው ሥር አያሳድጓቸውም። በትልቁ ዛፍ በሮቡስታ ችግኝ ላይ ቅርንጫፋቸውን ሰክተው ያዳቅሏቸዋል። እናንተ ጋ አቮካዶ እንደሚዳቀለው ማለት ነው። ሮቡስታ ሥሩ ብርቱ ነው፣ ከባድ አፈር ይችላል። ሁሉም አይዝም፣ ብዙው ግን ይይዛል። የሮቡስታ ችግኝ ደግሞ ባሕር ዳር የሚቸግር ነገር አይደለም። አራቱ ካገገሙ ቅርንጫፍ ወስደሽ ሞክሪ። አቮካዶ የሚያዳቅል ልጅ ታውቂ የለም?

---

አባይ ማዶ | ነሐሴ 11፣ ጠዋት 2:40

ከትናንት ወዲያ ያልኩትን አንስቻለሁ 🙏 ግራቪሊያን ለ20 ዓመት በሥሩ እየተመላለስኩ አንድም ቀን ዘመድ ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም።

---

ባለ ታንኳው | ነሐሴ 11፣ ከቀኑ 6:15

ደስታችሁን ላበላሽ ነው፣ ይቅርታ። ዓሣ አስጋሪ ነኝ። እምቦጭም እኮ በአበባው ነው ዓለምን የዞረው። ከደቡብ አሜሪካ ለጌጥ እየተባለ ነው ከሀገር ሀገር የተወሰደው። ወይን ጠጅ አበባው እስኪ ያምራል አያምርም? ያምራል። ዛሬ መረቤን ስጥል ዓሣ ሳይሆን እሱን ነው የማወጣ። ታንኳው አያልፍም። አንዲት ሴት በሻንጣ ዘር አምጥታ ጓሮ ተከለች ሲባል እኔ ያመኛል። ወረቀት አለው ዘሩ? ማን አየው?

---

የጓሮ ችግኝ | ነሐሴ 11፣ ከቀኑ 6:40

ጋሼ፣ በፓኬት የታሸገ የሱቅ ዘር ነው። ወረቀቱን ግን እውነቴን ነው የምልዎ፣ አልጠየቅኩም። ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር እኮ አይደለም፣ የደረቅ መሬት ቁጥቋጦ ነው።

---

ከብሪዝበን | ነሐሴ 11፣ ከቀኑ 7:30

እህቴ፣ ጋሼ ያሉት ቀልድ አይደለም። ይህቺው ባንክሲ ሃዋይ ውስጥ ከግቢ አምልጣ ጎጂ አረም ተብላለች። ዘሯ ክንፍ አለው፣ በነፋስ ይበራል። ከየፍሬው ሁለት ሁለት ነው የሚወጣው። አውስትራሊያ አየር ማረፊያ ላይ እኔ በርበሬ ይዤ ስገባ እንኳ አስፈትሸውኛል። ዘር ያለ ፈቃድ ማስገባት ኢትዮጵያም አይፈቀድም። የሆነው ሆኗል። ግን አበባው ሲረግፍ ፍሬው ሳይከፈት ቁረጪው። ውጭ አትትከዪ፣ ወደ ወንዝ ዳር በጭራሽ።

---

ዘንዘልማ ተማሪ | ነሐሴ 11፣ ከቀኑ 8:05

እዚህ ላይ እኔ ሁለት ልብ ነኝ። የአውስትራሊያ እንግዳ ለኛ አዲስ አይደለም። ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አለ። አዊ ሂዱ፣ ፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ በሚባል ዛፍ ከሰል ቤት ሠርቷል። ዲከረንስም የአውስትራሊያ ነው። ትልቁ ግራቪሊያ ለንብ ቀለብ ነው፣ ለቡና ጥላ ነው። እዚህ ወረረ ሲባል አልሰማሁም። ባንክሲ ግን ሌላ ዝርያ ነች። ወንድሟ ጨዋ ነው ብለን ለእሷ ዋስ መሆን አንችልም። ጋሼን እደግፋለሁ። በጀሪካን፣ በጣሪያ ሥር፣ ፍሬው እየተቆረጠ።

---

ባለ ታንኳው | ነሐሴ 11፣ ከምሽቱ 1:00

እንዲህ ከሆነ እሺ። እኔም ክፉ ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ አበባ ትወዳለች።

---

የዘጌ ልጅ | ነሐሴ 12፣ ጠዋት 3:00

ቆርጦ ቤት ውስጥ ማድረግ ይቻላል? ሽታ አላት? እንዲያው ለማወቅ ነው።

---

ከብሪዝበን | ነሐሴ 12፣ ጠዋት 3:40

ሽታዋ ይህን ያህል አይደለም። ጉዷ ማሯ ነው። አበባዋን ልብ ብለሽ ስታዪው ቅጠለ አበባ የሚባል ነገር የላትም። ያ ቀይ ክር የሴቴው አካል ነው፣ ጎብጦ የሚወጣው። ጫፉ ላይ የአበባ ዱቄት ይዞ ይጠብቃል። ማር ልትጠጣ የመጣች ወፍ ግንባሯን ቀብቶ ይሸኛታል። እዚህ ጠዋት ጠዋት ማር በሊታ ወፎች ተጣልተው ነው የሚያስነሱኝ። የጥንቶቹ የአውስትራሊያ ሰዎች የግራቪሊያን አበባ ውሃ ውስጥ ነክረው ይጠጡ ነበር፣ ልክ እንደ ብርዝ። ግን ሁሉም ዝርያ አይጠጣም፣ ቆዳ የሚያሳክከውን ባንክሲን አትሞክሩ። ይህንን ስላነበባችሁ ነገ ጠጥታችሁ እንዳትደውሉልኝ።

---

እማማ የቡና ጓሮ | ነሐሴ 12፣ ጠዋት 4:05

ወፍ የሚያጠጣ አበባ ከሆነስ ይተከል።

---

የጓሮ ችግኝ | መስከረም 20፣ ከምሽቱ 2:10

ለጠየቃችሁኝ ሁሉ። ጎኑን ከፍቻለሁ። ቀይ አፈር አምጥተን አራቱንም አዛወርናቸው። አንዷ በሳምንቷ ሞተች። ሥሯን ሳየው ጠቁሮ ነበር፣ ያ በሽታ መሆን አለበት። ሦስቱ አሉ። አላደጉም፣ አልሞቱም። ምንም አለመስጠት እንዴት እንደሚከብድ! በየቀኑ ኮምፖስቱ ጋ እሄድና እመለሳለሁ።

---

ባለ ሮዝ | መስከረም 20፣ ከምሽቱ 2:30

ኮምፖስቱን ለቃሪያው ስጪና አውጥተሽ ጨርሺው። ከዓይንሽ ይራቅ።

---

የጓሮ ችግኝ | መጋቢት 3፣ ጠዋት 1:45

ቤተሰብ! ሁለቱ አዲስ ቅጠል አወጡ፣ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች እንደ ብር የሚያብለጨልጭ። ሦስተኛዋ አጭር ናት፣ ግን ጫፏ ላይ የሆነ ነገር ተጠቅልሏል። መጀመሪያ ትል መሰለኝና ልቆርጠው ነበር። ዛሬ ጠዋት ቀላ።

ማዳቀሉንም ሞከርን። ስድስት የሮቡስታ ችግኝ ገዝቼ፣ አቮካዶ የሚያዳቅል ልጅ አምጥቼ። ልጁ "ይሄ አቮካዶ አይደለም" እያለ ሲስቅ ነበር። አራቱ ደረቁ፣ ሁለቱ ይዘዋል።

---

ከብሪዝበን | መጋቢት 3፣ ጠዋት 2:20

ከስድስት ሁለት ለመጀመሪያ ጊዜ በጣም ጥሩ ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን አሥር በሙሉ ነው ያደረቅኩት። ፎቶ የታለ? ትሉን ቶሎ አሳዪን።

---

ባለ ታንኳው | መጋቢት 3፣ ጠዋት 2:50

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። ፍሬውን ግን።

---

የጓሮ ችግኝ | መጋቢት 3፣ ጠዋት 2:55

መቀሱ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሏል ጋሼ። ለባለቤትዎ አንድ ዘለላ ቆርጬ አስቀምጣለሁ፣ በዚያ ሲያልፉ ይውሰዱ።

---

ባለ ታንኳው | መጋቢት 3፣ ጠዋት 3:10

ቅዳሜ ከገበያ መልስ እመጣለሁ። ዓሣ ይዤ ልምጣ ወይስ ጾም ነሽ?

---

የጓሮ ችግኝ | መጋቢት 3፣ ጠዋት 3:12

ጾም ነኝ 😄 ለፋሲካ ይያዝልኝ።